ሀይዌይ ዳር የገባ ስለት

ብርቅዬ ይህን ታሪክ ሰው ፊት ስታነሳ ሁልጊዜ የምትጀምረው «የእኔ ባል ለማያውቀው ታቦት ተስሎ ያመጣኝ ሰው ነው» ብላ ነው። ሰው ይስቃል። እኔም እስቃለሁ፤ ምን ላድርግ፣ እውነቷን ነው። ግን እሷ ስታወራው አንዲት ነገር ስለምትዘል፣ ዛሬ ራሴው ከሥሩ ልናገረው።

ጥሩነህ እባላለሁ። ቶሮንቶ የገባሁት በሱዳን በኩል ነው። ያኔ ዌስተን ውስጥ ከአንድ የእንቁላል መጋዘን ትራክ እነዳ ነበር። ማክሰኞና ዓርብ ገና ሳይነጋ እንቁላሌን ጭኜ ወደ ሰሜን እወጣለሁ፤ ሐይቆቹ ዳር ላሉት ሱቆች አራግፌ ከሰዓት በኋላ እመለሳለሁ። ሥራዬን እወደው ነበር። አጠገቤ ተቀምጦ የሚያዘኝ የለም፣ ሬዲዮው የራሴ ነው፣ መንገዱ የራሴ ነው።

አሁን አልዋሽም፤ እበር ነበር። ሰማንያ በሚል መንገድ ላይ መቶ አምስት፣ ካናደዱኝ መቶ አሥር። እንቁላል ጭኖ እንዲህ የሚበር ሰው አይታችሁ አታውቁም። «አንዲት እንቁላል ሰብሬ አላውቅም!» እያልኩ አበሻ በሚሰበሰብበት ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ለጓደኞቼ እኮራ ነበር። ዲስፓቸራችን፣ ሾፌሮቹን የሚያሰማራው አለቃ፣ ጋሪ የሚባል፣ ሰዓቱን እያየ የሚያወራ ሰውዬ ስለሆነ፣ ለእሱ ከእኔ የተሻለ ሾፌር አልነበረም።

የመንገዱ አጋማሽ ላይ ሀይዌዩ አንድ ሪዘርቭ ሰንጥቆ ያልፋል። ሪዘርቭ ማለት የአገሩ ባለቤቶች፣ ነጭ ከመምጣቱ በፊት የነበሩት ሰዎች፣ የቀረችላቸው መሬት ናት። ያኔ ይህን የት አውቄ! ለእኔ ሠላሳ አርባ ቤት፣ አንድ ነዳጅ ማደያ፣ አንድ ትምህርት ቤትና «ስልሳ» የሚል ሰሌዳ ነበር። ሰሌዳውን አየዋለሁ፣ እሱም ያየኛል፣ እንተላለፋለን።

በፈረንጅ ዘጠና አንድ መኸር ላይ፣ ከማደያው አለፍ ብሎ አንድ አዲስ ነገር አየሁ። መንገዱ ዳር ነጭ የእንጨት መስቀል ቆሟል። ቀይ፣ ቢጫ፣ ነጭና ጥቁር ጨርቅ ታስሮበታል። ከኋላው ከዛፎቹ መካከል ጣሪያው ሾል ያለ ነጭ ቤት ብቅ ይላል። እግሬ ሳላዘው ከነዳጁ ላይ ተነሣ።

አባቴ አዲስ አበባ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነው። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲደርስ አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ጭኖም ቢሆን ይቀንሳል፣ ቆቡን ያወልቃል፣ ያማትባል፣ ከዚያ ማርሽ ይቀይራል። «በታቦት ደጅ እየበረርክ ስታልፍ እንዳላይህ!» ብሎ ጆሮዬን ቆንጥጦኛል። እና መስቀሉን ሳይ ጆሮዬን ያመመኝ መሰለኝ። ወደ ሠላሳ ወረድኩ፤ ቆቤን አወለቅኩ፣ ሦስቴ አማተብኩ፣ አለፍኩ። ጨርቁ ስለት የደረሰላቸው ሰዎች ያሰሩት ነው ብዬ ደመደምኩ። ቤቱም ቤተ ክርስቲያኑ ነው። ማን ጠይቅ አለኝ? ሁሉም ነገር ተገጣጠመልኝ።

ከዚያ በኋላ በሳምንት አራት ጊዜ፣ ስሄድም ስመለስም፣ ያቺን ቦታ ተሳልሜ አልፋለሁ። ከኋላዬ ያለው መኪና ክላክሱን ያንባርቃል። «አንባርቅ! ቤተ ክርስቲያን መሆኑን አታይም?» እለዋለሁ፣ እሱ የማይሰማኝን። መቶ ሜትር አለፍ ስል ነዳጁን እረግጥና ደግሞ እበራለሁ። አንድ ቀን ወርጄ ታቦቱ ማን ነው ብዬ አልጠየቅኩም። በመንገዱ በኩል ጽሑፍ ቢኖረው ደግ ነበር፤ ጽሑፉ ግን ወደ ቤቱ የዞረ ስለሆነ ከመንገዱ አይታይም።

ብርቅዬ ያን ጊዜ ካርቱም ናት። ተጋብተን ስድስት ወር ሳንኖር እኔ ወጣሁ፣ እሷ ቀረች። ፎርም እልካለሁ፣ ፎርም ይመለስልኛል። ዘጠና ሦስት የካቲት ላይ «አልተፈቀደም» የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። በማግስቱ ዓርብ ነበር። መስቀሉ ጋ ስደርስ፣ ብርዱ ሰው የሚያደርቅ ነው፣ መስኮቱን ዝቅ አደረግኩና ጮህኩ። «ማን እንደሆንክ አላውቅም! ዑራኤልም ሁን፣ እመቤቴም ሁኚ፣ የፈረንጅም ሁን! ሚስቴን አምጣልኝና የከፋይ ጥላ አስገባልሃለሁ!» አልኩ። ልመና አይመስልም ነበር፤ ጠብ ነው የሚመስለው። እንባዬ ጉንጬ ላይ ደረቀ።

ዘጠና አራት ሚያዝያ ላይ ብርቅዬ ኤርፖርት በር ላይ ብቅ አለች። ተመስገን! ሌላ ምን ይባላል?

ሳምንት ሳይሞላት ስለቱን ነገርኳት። «እና ታቦቱ ማን ነው?» አለችኝ።

«አልጠየቅኩም።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ?!»

«ሥራ ላይ ነኛ፣ አንቺ ሰው! ጋሪ አለብኝ!»

«ጥሩነህ፣ አንተ ለማን እንደተሳልክ ሳታውቅ ነው እኔን ያስመጣኸኝ?» ብላ አልጋው ላይ ተንከባለለች። ሆዷን ይዛ ስትስቅ ማየት ናፍቆኝ ስለነበር ዝም ብዬ አየኋት።

ማኅበርተኛችን ወይዘሮ ወለተማርያም በዚያ ክረምት አዲስ አበባ ሄደው ነበርና ጥላውን አስገዛኋቸው። ቀይ ከፋይ ነው፤ በወርቅ ክር የተጠለፈ፣ ዙሪያውን ዘርፍ የሚረግፍለት። ሳሎናችን ውስጥ ብንዘረጋው ግድግዳ ለግድግዳ ሞላው። ብርቅዬ በነጭ አንሶላ ጠቀለለችልኝ።

ጥቅምት ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ጥላውን ጎኔ አስቀምጬ ወጣሁ። ለጋሪ ግማሽ ሰዓት አረፍዳለሁ ብዬዋለሁ። ሪዘርቩ ስደርስ ልጆች ትምህርት ቤት የሚገቡበት ሰዓት ነው። እንደ ልማዴ ሰሌዳውን በፍጥነት አለፍኩት፤ እንደ ልማዴ ማደያው ጋ እግሬን አነሣሁ። ሠላሳ ደረስኩ። ቆቤን አወለቅኩ። «በስመ አብ» ስል አንዲት ሐምራዊ ጃኬት የለበሰች ልጅ ውሻዋን እየተከተለች ከግራ በኩል መንገዱ መሃል ገባች።

ፍሬኑን ረገጥኩት። ትራኩ ተንፏቀቀ፣ ጮኸ፣ ቆመ። በባምፐሩና በልጅቷ መካከል ክንድ ቢቀር ነው። ሽቅብ አየችኝ። «ሶሪ!» አለችኝ። እሷ እኔን! ከዚያ ውሻዋን ይዛ ወደ ትምህርት ቤቷ ሮጠች።

ወረድኩ። መስቀሉ ሥር ዘፍ ብዬ ተቀመጥኩ። ኋላ ጭነቱን ስከፍተው ብዙ እንቁላል ተሰባብሮ ነበር። በዕድሜዬ እንደዚያ ደስ ያለኝ ስባሪ የለም።

ከነጩ ቤት አንዲት ባልቴት ወጡ። ስድሳን ያለፉ፣ ሽበታቸውን አንድ ጉንጉን አድርገው ወደ ኋላ የለቀቁ፣ በፒጃማቸው ላይ የወንድ ካፖርት የደረቡ ሴት ናቸው። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ። «ተነሥ፣ አልነካሃትም። አይቻለሁ፣ አልነካሃትም» አሉኝ። ስማቸው ዶሪን ነው። ለእኔ ከዚያን ቀን ጀምሮ እማማ ዶሪን ናቸው።

«አውቅሃለሁ» አሉኝ። «የእንቁላሉ ሰውዬ ነህ። ሦስት ዓመት በዚያ መስኮት አይቼሃለሁ። በዚህ መንገድ የማያልፍ መኪና የለም። ለታሚ ቀንሶ፣ ቆቡን አውልቆ የሚያልፍ ግን አንተ ብቻ ነህ።»

ታሚ ማን ናት ልል አፌን ከፈትኩ። ዓይኔ መስቀሉ ላይ አረፈ፤ በቤቱ በኩል ባለው ጎን። ታሚ ይላል። ሰኔ 1991። ስምንት ዓመት። ከሥሩ የአሻንጉሊት ፈረስ ተቀምጧል።

ወይኔ ጉዴ! ቤተ ክርስቲያን የለም። ነጩ ቤት የእማማ ዶሪን ቤት ነው። ጨርቆቹም የታሰሩት ለልጅቷ ነፍስ ነው። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ በአንዲት የሞተች ልጅ መታሰቢያ ላይ ስጮህ፣ ስሳል፣ ስጣላ ኖሬአለሁ። ጥላው ትራኩ ውስጥ በአንሶላ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ምን ልበላቸው?

ሻይ አምጥተውልኝ መንገዱ ዳር ቆመን እየጠጣን አጫወቱኝ። ሀይዌዩ በልጅነታቸው የተሠራ ነው፤ መንደራቸውን ለሁለት ሲከፍለው የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ቤቶቹ ወዲህ ቀሩ፣ ትምህርት ቤቱ ወዲያ። ታሚ የልጃቸው ልጅ ናት፤ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። አንድ ትራክ ገጫት። ሾፌሩ አላየኋትም አለ። «ውሸቱን አይደለም» አሉ እማማ ዶሪን። «በዚያ ፍጥነት ማን ምን ያያል?»

ሦስት ዓመት ሲያመለክቱ ቆይተው በመጨረሻ ጉዳዩ ለመጪው መጋቢት ቶሮንቶ ውስጥ ለአጣሪ ችሎት ተቀጥሯል። ችሎቱ የሚከሰው፣ የሚያስረውም ሰው የለም። አምስት ተራ ሰዎች ተቀምጠው ልጅቷ እንዴት እንደሞተች ይሰማሉ፤ ከዚያ ሌላ ልጅ እንዳይሞት ምን ይደረግ ይላሉ። እማማ ዶሪን የሚፈልጉት ያንን ቃል ብቻ ነው። «የመንገድ ባለሥልጣኖቹ ሰሌዳ ተክለናል፣ ሌላ ምን እናድርግ? ሰው ሥራ አለበት፣ አይቀንስም ይሉኛል። አንተ ትቀንሳለህ። ሥራም አለህ። መጥተህ ለምን እንደምትቀንስ ትናገርልኛለህ?» አሉኝ።

እሺ አልኩ። ታዲያ እንቢ ልበል? ጥላውን ይዤ ተመለስኩ።

ቤት ስደርስ ብርቅዬ ጥቅሉን አየችና «ደግሞ ምን ሆነህ ነው?» አለች። ነገርኳት። የዚያን ቀን አልሳቀችም። የታሚ ሞት ጋ ስደርስ እጄን ያዘችኝ፣ እስክጨርስ አልለቀቀችኝም።

ጠባችን ከዚያ በኋላ ነው። እኔ እውነቱን አልናገርም አልኩ። ሴትዮዋ ሦስት ዓመት በመስኮት እኔን ሲጠብቁ ኖረዋል፤ በዚህ ሁሉ መኪና መካከል አንድ ሰው ልጄን ያስባታል ብለው። አሁን «ተሳስቼ ነው» ልበላቸው? ደግሞስ ጠበቆቹ አይስቁም? የሚቀንሰው አንድ ሰው፣ እሱም በስህተት! ነገራቸው አፈር ይበላል።

«መጽሐፍ ቅዱስ አስይዘው ነው የሚጠይቁህ» አለች ብርቅዬ። «እኔን ለምኖ ያገኘ አፍ በሐሰት ሊምል ነው?»

«በጎ ለማድረግ እኮ ነው!»

«እውነቱ በጎ እንደማያደርግ በምን አወቅክ?»

በሩን ዘግቼ ወጣሁ። ዌስተን ሮድን ሁለት ጊዜ ተመላልሼ ገባሁ። የበረዶውን ወራት ሙሉ በዚህ ስንነታረክ መጋቢት ደረሰ።

ችሎቱ ዳውንታውን ነው። ለሠርጌ የተዋስኩትን የመሰለ ሱፍ ለብሼ፣ ብርቅዬን ይዤ ሄድኩ። እማማ ዶሪን ሲያዩኝ ከወንበራቸው ተነሥተው ለሰዎቻቸው «የእንቁላሉ ሰውዬ ይህ ነው» እያሉ አሳዩኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር።

ማልኩ። የእማማ ዶሪን ጠበቃ ወጣት ሴት ናት። ፈገግ ብላ «ያ ቦታ ጋ ሲደርሱ ለምን ይቀንሳሉ?» አለችኝ።

ብርቅዬን አየኋት። ቅንድቧን እንኳ አላነሣችም። 

«ቤተ ክርስቲያን መስሎኝ ነው» አልኩ።

ከዚያ አላቆምኩም። አባቴን፣ አውቶቡሱን፣ ጨርቁን፣ ካርቱምን፣ ጥላውን፣ ሁሉንም በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ዘረገፍኩት። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀና ሳል አስመሰለው። እማማ ዶሪን ወደተቀመጡበት ዞሬ ለማየት አቅም አጣሁ።

የመንገድ ባለሥልጣኖቹን ወክሎ የቆመው ጠበቃ ተነሣ። ጨዋ ሰው ነው፣ ድምፁን አያነሣም። «እንግዲህ ሚስተር ጥሩነህ፣ የልጅ መታሰቢያ መሆኑን ቢያውቁ ኖሮ አይቀንሱም ነበር ማለት ነው?» አለኝ።

ደሜ ፈላ። ሊያሳፍረኝ ነው የጠየቀኝ። ያናደደኝ ግን እሱ አይደለም፤ መልሱ ነው።

«አዎ፣ አልቀንስም ነበር» አልኩት። «ሰሌዳ ተክለናል አላችሁ። አለ፣ ስልሳ ይላል። በሳምንት አራት ጊዜ አየዋለሁ፤ አንድ ቀን ሰምቼው አላውቅም። እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። የማንም ልጅ እንዲሞት አልፈልግም። ግን መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ብረር ብረር ይላል። ሰሌዳው ደግሞ ቀስ በል ይላል። እኛ ሾፌሮች የምንሰማው መንገዱን ነው! ጥቅምት ላይ ልጅቷ ስትገባብኝ በስልሳም ብሆን አልቆምም ነበር። በሠላሳ ነው የቆምኩት። ሦስት ዓመት እዚያ ስቀንስ ለሥራዬ አንድ ቀን አርፍጄ አላውቅም፤ ዲስፓቸሬን ጠይቁት። እኔን ያስቆመኝ የማከብረው ነገር ነው። ሁሉም ሾፌር የእኔ አባት የለውም። ስለዚህ መንገዱን አጥብቡት፣ ጉብታ ሥሩበት፣ ሰው አቁሙበት። የእኔን ዓይነት ስህተት አትጠብቁ!»

መጨረሻው ላይ ጮኼ ነበር መሰለኝ። ጠበቃው ወረቀቱን አየና ተቀመጠ። ከአምስቱ ሰዎች አንደኛዋ ትጽፍ ነበር።

ስወጣ እማማ ዶሪን ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሄጄ ፊታቸው ጎንበስ አልኩ። «ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ። ለእሷ አልነበረም» አልኳቸው።

እጃቸው ካፖርታቸው ላይ ያለውን ቁልፍ ያዞራል።

«ባለቤትህ መጣች?» አሉ።

«መጣች። ይቻት።»

ብርቅዬን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። «ልጅቷም ሐምራዊ ጃኬቷን ለብሳ ትሮጣለች። ጎረቤቴ ናት፣ በየቀኑ ነው የማያት» አሉ። «ታዲያ ቦታው ላይ ምን ስህተት አገኘህበት?»

እንባዬ መጣ፣ አለቀስኩ። እሳቸውም አለቀሱ። ብርቅዬ መሃላችን ተቀምጣ ለሁለታችንም መሐረብ ታድላለች።

«ጥላው የት ነው ያለው?» አሉ ኋላ።

«ቁም ሣጥናችን ውስጥ» አለች ብርቅዬ።

«የታሚ ነው አይደል? አምጡላት እንጂ።»

ቄሳችንን ጠየቅኳቸው። ስቀው፣ «የተሳልከው እዚያ ነው፣ እዚያው አስገባ» አሉኝ። በሚቀጥለው ዓርብ ስለቴን አስገባሁ። እማማ ዶሪን ጥላውን ዘርግተው መስቀሉ ላይ ለአፍታ ያዙት፣ በቋንቋቸው አንድ ነገር አሉ፣ አጥፈው ወደ ቤት አስገቡት። «በረዶ አይምታው» አሉኝ።

አምስቱ ሰዎች ያሉት በወረቀት ወጣ፤ መንገዱ ይጥበብ፣ ጉብታ ይኑረው፣ ልጆች የሚሻገሩበት ሰዓት ሰው ይቁም። ወረቀት መቼም ወረቀት ነው። እማማ ዶሪን ግን የሚተዉ ሴት አይደሉም፤ በደብዳቤ፣ በስልክ፣ በእግርም እየሄዱ አንድ ዓመት ተኩል ወተወቱ። ዘጠና ስድስት መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ሲከፈት መንገዱ ተሠርቶ ነበር።

በዚያው ሳምንት ዓርብ ጠዋት መጣሁ። ከፊቴ ግንድ የጫነ ትልቅ ትራክ አለ፤ ያ የሚበር ዓይነቱ። ጉብታው ጋ ሳይደርስ ገና ከሩቅ ቀጥ ብሎ ቆመ። ምን ሆነ ብዬ አንገቴን በመስኮት አወጣሁ።

መንገዱ መሃል እማማ ዶሪን ቆመዋል። በአንድ እጃቸው ልጆች እንዲያሻግሩ የሰጧቸውን «ቁም» የሚል ሰሌዳ ይዘዋል። በሌላው እጃቸው ቀዩን የከፋይ ጥላ ዘርግተዋል። የወርቅ ክሩ ፀሐይ መትቶት ያብረቀርቃል፣ ዘርፉ ይወዛወዛል። ልጆቹ ከሥሩ ቦርሳቸውን አዝለው እየተንጫጩ ይሻገራሉ። ግንድ የጫነው ሾፌር አፉን ከፍቶ ያያል። እንዲህ ያለ ነገር ካናዳ ውስጥ አይቶ አያውቅማ! መጨረሻ ላይ ሐምራዊ ጃኬቷ ያጠራት፣ ቁመት የጨመረች ልጅ አለፈች። ውሻዋ በገመድ ታስሯል።

ብርቅዬ ለእኔ አዝና ሰው ፊት የምትዘላት ነገር ይህች ናት፦ ያ ስህተት ባይኖር በዚያች ማክሰኞ ሁለተኛውን መስቀል የማስተክለው እኔ ነበርኩ። ጎበዝ ሾፌር ስለሆንኩ አይደለም የተረፍኩት። የስምንት ዓመት ልጅ ቀድማ ቆማልኝ ነው።

ቆቤን አወለቅኩ። «ታሚዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኩ። ለማን እንደምናገር አውቄ ስናገር ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር።

እማማ ዶሪን ጥላውን አጠፉና በእጃቸው እለፍ አሉኝ። በሃያ አለፍኩ።